የጭሳችን ቀለም፦ ሞገዱ የሚቃኝ ሌዘር ስለ ማገዶ የሚነግረን

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኤምባሲዎቹ ሲለኩት የቆዩትን የአየር ጥራት መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨቱን አቆመ። አዲስ አበባም መለኪያው ከነበረባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በእኛ ዘንድ ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። መወራት ግን ነበረበት። ከተማዋ ስለምትተነፍሰው አየር በየሰዓቱ ይወጡ ከነበሩት ጥቂት ቁጥሮች አንዱ ነበርና።

ቁጥሩ ፒኤም 2.5 ይባላል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች ክብደት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ አንከራከርበትም። ግን የሚነግረን ክብደት ብቻ ነው። ከመንገድ የተነሳ አንድ ማይክሮግራም አቧራና ከምድጃ የወጣ አንድ ማይክሮግራም ጥላሸት ለሚዛኑ እኩል ናቸው። ለፀሐይ ብርሃን ግን በጭራሽ እኩል አይደሉም።

ልዩነቱ የሚታየው ብናኙ ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ነው። ደረቅ እንጨት ቦግ ብሎ ሲነድ የሚወጣው ጥቁር ጥላሸት ሁሉንም ቀለም ይውጣል። ኩበት ወይም እርጥብ እንጨት ታፍኖ ሲጨስ የሚወጣው ጭስ ሌላ ነው። ቀዩን ብርሃን በአብዛኛው ያሳልፋል፤ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ይውጣል። ለዚህ ነው ወደ ቡናማ የሚያደላው። ሳይንቲስቶች ቡናማ ካርቦን ይሉታል።

እንግዲህ ጭስን በደንብ ለማወቅ በአንድ ቀለም ብርሃን ማየት አይበቃም። ቀለሙን እንደፈለጉ የሚቀይሩት፣ ደግሞም በጣም አጭር በሆነ ምት የሚወጣ ብርሃን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ አለ። የአፍሪካን ማገዶ ጭስ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ከሚመረምሩት ሰዎች አንዱ ደግሞ የአገራችን ልጅ ናቸው። እሳቸው ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ብርሃኑን እንወቀው።

ቴዎዶር ማይማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያበራው የመጀመሪያው ሌዘር ከሩቢ ዘንግ የሚወጣ ቀይ ብርሃን ነበር፤ ቀለሙን የሚወስነው የሞገድ ርዝመቱ 694.3 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)። ከዚያ ወዲያ ወዲህ አይልም። ለስፔክትሮስኮፒ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው። የስፔክትሮስኮፒ ሥራ አንድ ነገር የትኛውን ቀለም እንደሚውጥ፣ የትኛውን እንደሚያሳልፍ እየለኩ ማንነቱን ማወቅ ነውና። አንድ ቀለም ብቻ ይዞ ይህን ማድረግ አይቻልም።

መፍትሔው በ1966 መጣ። ፒተር ሶሮኪንና ላንካርድ አሜሪካ ውስጥ በአይቢኤም፣ ፍሪትዝ ሼፈር ደግሞ በጀርመን ማርቡርግ፣ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ላይ ደረሱ። የቀለም ፈሳሽ ሌዘር ሊሆን ይችላል! በዓመቱ ደግሞ ሌዘሩ ውስጥ ብርሃኑን ከሚያመላልሱት ሁለት መስታወቶች በአንዱ ፈንታ ጥቃቅን ጭረት ያለበት፣ ብርሃንን በቀለም የሚለያይ ሰሌዳ ተተካ። ሰሌዳውን በትንሹ ባዞሩት ቁጥር የሌዘሩ ቀለም ይሸራተታል። ሮዳሚን 6ጂ የሚባለው ማቅለሚያ በአልኮል ተበጥብጦ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ያስኬዳል። ሌዘር እንደ ክራር ጅማት መቃኘት ቻለ።

ሥራው ግን አድካሚ ነበር። አንዱ ማቅለሚያ የሚሸፍነው ጥቂት አስር ናኖሜትር ብቻ ነው። ሌላ ቀለም ሲፈለግ ፈሳሹ ይወጣል፣ ቱቦው ይታጠባል፣ አዲስ ይበጠበጣል። አንዳንዱ ማቅለሚያ መርዛማ ነው። ሁሉም ውሎ አድሮ ይደክማል።

ዛሬ ብዙ ላቦራቶሪ የሚጠቀመው ኦፕቲካል ፓራሜትሪክ ኦሲሌተር የሚባለውን ነው፤ በአጭሩ ኦፒኦ። ሐሳቡ በ1965 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ በተግባር ታይቷል። በደንብ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1980ዎቹ የቻይና ፉጂያን ተመራማሪዎች ቤታ ባሪየም ቦሬት የሚባለውን ክሪስታል ካወጡ በኋላ ነው። ይህ ክሪስታል ኃይለኛ አልትራቫዮሌት (ሞገዱ ከሐምራዊ ያጠረ፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ሳይጎዳው ይችላል።

አሠራሩ ያምራል፤ ትንሽ ቆም ብለን እንየው። መነሻው ኤንዲ ያግ የሚባል ሌዘር ነው። 1064 ናኖሜትር ላይ፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይሰጣል። ሌሎች ክሪስታሎች ያንን ወደ ሲሶው ያሳጥሩትና 355 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ይሆናል። ይህ ብርሃን ወደ ቦሬቱ ክሪስታል ሲገባ ከፎቶኖቹ (ከብርሃን ቅንጣቶቹ) የተወሰኑት እያንዳንዳቸው ለሁለት ይከፈላሉ። የሁለቱ ልጆች ጉልበት ተደምሮ ከእናቲቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። አንዱ 500 ናኖሜትር አረንጓዴ ከሆነ ሌላው የግድ 1224 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ (ሞገዱ ከቀይ የረዘመ፣ የማይታይ ብርሃን) ይሆናል። አንዱ 600 ብርቱካናማ ከሆነ ሌላው 869 ገደማ ላይ ያርፋል። እንዴት እንደሚከፈሉ የሚወስነው ክሪስታሉ የተቀመጠበት አንግል ነው። ሞተር ክሪስታሉን በጥቂቱ ያዞራል፤ ቀለሙ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ይሄዳል። የሚደፋ ፈሳሽ የለም፣ የሚታጠብ ቱቦ የለም።

ምቱስ ለምን አስፈለገ? ክሪስታሉ ፎቶኖችን በብዛት መክፈል የሚችለው ብርሃኑ በጣም ሲበረታ ስለሆነ ነው። 10 ሚሊጁል ትንሽ ጉልበት ነው፤ በሰከንድ ተዘርግቶ ቢወጣ ማንም ከቁጥር አያስገባውም። በ5 ናኖሰከንድ ሲለቀቅ ግን በዚያች ቅጽበት 2 ሜጋዋት ይሆናል። ሌዘሩ እንዲህ ያለ ምት በሰከንድ 10 ወይም 20 ጊዜ ይተኩሳል። በመሃል ያርፋል።

ቀለም እየቀየሩ መፈለግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ከጭስ ትንሽ ወጣ እንበል። ቶሪየም 229 የሚባለው አቶም ኒውክለሱ በሌዘር ሊነቃቃ እንደሚችል ለአስርት ዓመታት ይገመት ነበር። በየትኛው ቀለም እንደሆነ ግን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። በ2024 የጀርመን ብሔራዊ የልኬት ተቋምና የቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞገዱ የሚቃኝ ምት ሌዘር ይዘው፣ ቶሪየሙን ክሪስታል ውስጥ ከተው፣ ቀለሙን በጥቂት በጥቂት እየቀየሩ ፈለጉት። 148.4 ናኖሜትር ገደማ ላይ ኒውክለሱ መለሰላቸው። ዛሬ ስለ ኒውክለር ሰዓት የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙ የማይቀየር ሌዘር ቢይዙ ኖሮ ኃይሉ የቱንም ያህል ቢሆን አያገኙትም ነበር።

ወደ ጭሱ እንመለስ። ከምድጃ ወጥቶ አየር ላይ የተበተነ ጭስ በጣም ስስ ነው። በአንድ ሜትር ቱቦ ውስጥ አስገብተው ብርሃን ቢያሳልፉበት የሚጎድለው ብርሃን ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ብርሃኑ ብዙ ኪሎ ሜትር በጭሱ ውስጥ መጓዝ አለበት። ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቱቦ ደግሞ ማንም አይሠራም።

ሁለት ሰዎች፣ አንቶኒ ኦኪፍና ዴቪድ ዲከን፣ በ1988 ለዚህ ግሩም መላ አወጡ። ዘዴው ካቪቲ ሪንግ ዳውን ይባላል። ከቱቦው ግራና ቀኝ ከሚያርፍባቸው ብርሃን 99.99 በመቶውን የሚመልሱ መስታወቶች ይቀመጣሉ። የሌዘሩ ምት ከአንደኛው መስታወት በስተጀርባ ይመታል። በጣም ጥቂቱ ብርሃን ሾልኮ ይገባል። ገብቶም ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በደረሰበት ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይሾልካል፤ ከወዲያኛው መስታወት ኋላ ያለው መለኪያ ይህንን ያያል። ብርሃኑ እየደከመ፣ እየደከመ ይሄዳል።

እስቲ እናስላው። ቱቦው 1 ሜትር ቢሆን፣ ባዶ ሲሆን የብርሃኑ ጥንካሬ ወደ ሲሶ ገደማ ለመውረድ 33 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ብርሃን 10 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። በአንድ ሜትር ቱቦ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር! አሁን ጭስ እናስገባ። ጊዜው ከ33 ወደ 25 ማይክሮሰከንድ ቢወርድ፣ ጭሱ በእያንዳንዱ ሜትር ከብርሃኑ ከመቶ ሺህ ሦስት እጅ ያህሉን እያጠፋ ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ስስ የሆነ ነገር ነው የሚለካው።

ከሁሉ የምወደው ሌላ ጎኑን ነው። የምት ሌዘር ትልቁ ድክመት አንዱ ምት ከሌላው እኩል አለመሆኑ ነው። አንዱ ይበረታል፣ ቀጣዩ ይደክማል። በተለመደው ዘዴ ይህ ልኬቱን ያበላሻል። እዚህ ግን የሚለካው የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን የሚደክምበት ፍጥነት ነው። የበረታውም የደከመውም ምት እኩል ፍጥነት ይጠፋሉ። ድክመቱ ዋጋ አጣ።

ይህ መሣሪያ የሚነግረን ጭሱ በድምሩ ምን ያህል ብርሃን እንዳጠፋ ነው። ብርሃን ደግሞ የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ይዋጣል፣ ወይ ይበተናል። የተበተነውን ኔፌሎሜትር የሚባል ሌላ መሣሪያ ለብቻው ይለካል። ከድምሩ ሲቀነስ የተዋጠው ይገኛል። ከጠፋው ውስጥ የተበተነው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ማወቅ ለአየር ንብረት ጥናት ወሳኝ ነው። ድርሻው ወደ አንድ (ወደ ሙሉው) የቀረበ ጭስ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ ከሥሩ ያለውን መሬት ያቀዘቅዛል። ድርሻው ዝቅ ያለ ጭስ ብርሃኑን ውጦ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቃል። ያው ማገዶ እንደ አነዳደዱ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

ቀለም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ጥላሸት ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲኬድ፣ ማለትም ከ660 ወደ 440 ናኖሜትር፣ የሚውጠው ብርሃን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ያድጋል። ቡናማ ካርቦን ግን በዚያው መንገድ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል። በቀይ ብርሃን ብቻ የለካ ሰው ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። ቡናማውን ጭስ «ይህማ ብዙ አይውጥም» ብሎ ያልፈዋል። የፀሐይ ብርሃን ግን በሁሉም ቀለም ነው የሚመጣው። በሰማያዊውና በአልትራቫዮሌቱ ላይ ያ ጭስ ብዙ እየዋጠ ነው። በሁለት ሦስት ቋሚ ቀለም የሚለኩ መሣሪያዎች በየአገሩ አሉ፤ ጥሩ ሥራም ይሠራሉ። በመካከል ያለውን ግን በግምት ይሞላሉ። ግምቱ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው የሚቃኝ ሌዘር ነው።

አሁን ወደ ሰውየው። ሰሎሞን ቢልልኝ በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ ከተማ፣ በሰሜን ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆኑ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ከባልደረቦቻቸውና ከተማሪዎቻቸው ጋር የጭስ ማቆያ ክፍል ሠርተው፣ በካቪቲ ሪንግ ዳውን የአፍሪካ ማገዶዎችን ጭስ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ማገዶው የሚቃጠለው ሙቀቱን መቆጣጠር በሚቻልበት ምድጃ ነው። ስለዚህ ታፍኖ የሚጨሰውንና በነበልባል የሚነደውን ለየብቻ ማየት ይቻላል። ከዚህ ዓይነት ሥራ ደጋግሞ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። የጭሱን ጠባይ የሚወስኑት የእንጨቱ ዓይነትና የአነዳደዱ ሁኔታ አንድ ላይ ሆነው ነው። «የባዮማስ ጭስ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ቁጥር መጠቅለል ያሳስታል።

ይህ ለእኛ ለምን ይገደናል? በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ነው። በበጋ ወራት ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ሣሩ ሲቃጠል የሚታየው ጭስ የዚሁ አካል ነው። ስለ ጭስ ብርሃናዊ ጠባይ በላቦራቶሪ የተጠኑት ማገዶዎች ግን በብዛት የሰሜን አሜሪካ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ናቸው። የአየር ንብረት ሞዴል የእኛን ጭስ ሲያሰላ የሌላ አገር ጥድ ቁጥር ሊበደር ይችላል። ባሕር ዛፍ፣ ግራር፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኩበት፤ እነዚህ የየራሳቸው ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል።

የማዕድ ቤቱ ነገር ደግሞ አለ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ 2.1 ቢሊዮን ገደማ ሰው በክፍት እሳትና በሚያጨስ ምድጃ ያበስላል። በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ከቤት ውስጥ አየር ብክለት በመነጨ ምክንያት ሞቷል። በእኛ አገር ይህን ጭስ በብዛት የሚምጉት ምጣድ ሥር የሚያጎነብሱት እናቶቻችንና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ናቸው። ሌዘሩ ጭሱን አያጠፋላቸውም። ግን የተሻሻለ ምድጃ ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ጭስ ይቀንሳል» ይላል። ምን ዓይነቱን ጭስ? ቡናማውን ቀንሶ ጥቁሩን ቢጨምርስ? ነበልባሉን የሚያበረታ ምድጃ በክብደት ያነሰ፣ በጥላሸት ድርሻ ግን የበዛ ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ክብደት ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያየውም።

መሣሪያው ተአምር እንዳይመስል ችግሮቹንም ልናገር። አንደኛው መስታወቶቹ ናቸው። ሌዘሩ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ቢቃኝም፣ 99.99 በመቶ የሚመልስ መስታወት ያን ጠባዩን የሚይዘው በጠባብ የቀለም ክልል ነው። ከክልሉ ሲወጡ መስታወቱ ይቀየራል፣ ቱቦው እንደገና ይስተካከላል። አንድ የአቧራ ቅንጣት መስታወቱ ላይ ካረፈች የቀኑ ሥራ ያበቃል። ጭስ ለመለካት በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ጭሱ መስታወቱን እንዳይነካ ንጹሕ አየር ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ይነፋል።

ሁለተኛው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። እሳት ሲነድ ይህም ጋዝ አብሮ ይወጣል። እሱም ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። ያልተጠነቀቀ ሰው የጋዙን ድርሻ ለቡናማው ካርቦን ይሰጠዋል። ስለዚህ ጋዙን በከሰል ማጣሪያ መያዝ፣ ወይም ብናኙን አስቀርቶ ጋዙን ብቻ ለክቶ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የኤንዲ ያግና የኦፒኦ ጥምረት ዋጋው ከአስር ሺዎች ዶላር ይጀምራል፤ ወደ መቶ ሺህና ከዚያ በላይ መሄዱም የተለመደ ነው። የሌዘሩ መብራት የሚቀየርበት ጊዜ አለው፣ ማቀዝቀዣው ውኃ ይፈልጋል፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁሉም ይቆማል። በልገሳ የመጣ ውድ መሣሪያ አንድ ዕቃ ጎድሎት ዓመታት ተሸፍኖ ሲቀመጥ ያላየ የዩኒቨርሲቲ ሰው አገር ቤት ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ በየዩኒቨርሲቲው አንድ አንድ ሌዘር ይገዛ የሚል አይደለም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ጠጋኝ ቴክኒሻንና የመለዋወጫ በጀት ያለው፣ የሚቃኝ ምት ሌዘር ያለበት ላቦራቶሪ ይኑረን። ሌላው ቦታ በርካሽ የኤልኢዲና የዳዮድ ሌዘር መለኪያዎች ይሠራ። እነዚህ በጥቂት ቋሚ ቀለም ነው የሚያዩት፤ ግን ወደ ማዕከሉ መጥተው በባሕር ዛፍና በኩበት ጭስ ከትልቁ መሣሪያ ጎን ቆመው ከተመሳከሩ በኋላ ቁጥራቸው ይታመናል። ደቡብ አፍሪካ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአፍሪካ ሌዘር ማዕከል የሚባል ትስስር አለ፤ ተማሪ ለማሰልጠንና መሣሪያ ለመጋራት በር ይከፍታል። ግሪንስቦሮ ያለውም ልምድ ሩቅ አይደለም። በውጭ ካሉ ምሁሮቻችን ጋር አብሮ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመርጠው የጭሱን ዕድሜ መከታተል ነው። ትኩስ ጭስና ያደረ ጭስ አንድ አይደሉም። ቡናማው ካርቦን ፀሐይ ሲያገኘው ከሰዓታት እስከ ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል፤ ጥላሸቱ ግን ባለበት ይቆያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት፤ አልትራቫዮሌቷ ጠንካራ ነው። ታዲያ ቀለሙ እዚህ ከሌላው ቦታ ቶሎ ይለቃል? የሚመለስ ጥያቄ ነው። እንጀራ ከሚጋገርበት ምድጃ የወጣ ጭስ ግልጽ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። በየሰዓቱ ጥቂት እየተቀዳ፣ ከ420 እስከ 660 ናኖሜትር፣ በየ10 ናኖሜትሩ ይለካል። መስታወቱ በመሃል ጥቂት ጊዜ ይቀየራል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያው ልኬት ከመጀመሪያው ይደገማል።